ያልሰማ አይታዘዝም፦ የሬዲዮ መቀበያን በሞዴል አይሮፕላን ውስጥ ስለ መትከል

በዚህ ዕትም በሳይንስ ዓምዳችን የምናቀርበው ትምህርት ከመጽሐፍ የተገለበጠ አይደለም፤ ከስሕተታችን የተማርነው ነው። ስሕተቱ የተፈጸመው በእኛው እጅ፣ በእኛው ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ሳንደብቅ እንነግራችኋለን። ነገ በየትምህርት ቤቱ ተመድበን ከተማሪዎች ፊት ስንቆም ይኼንኑ ስሕተት ማንም እንዳይደግመው ብለን ነው።

ምን ሆነ?

የሳይንስ ክበባችን አባላት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የትምህርት መርጃ መሣሪያ የሚሆን፣ በሬዲዮ የሚታዘዝ አነስተኛ ሞዴል አይሮፕላን ሠራን። ገላውን የሠራነው ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ታሽጎ ከሚመጣበት ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ነጭ ፎም ነው። እንዲህ ያለው ፎም በጅግጅጋ ሱቆች ደጃፍ ተጥሎ አይጠፋም። ክንፉን በቀርከሃ አጠነከርነው፤ ጎማም አደረግንለት። አሳባችን ለማብረር አልነበረም። በመሬት ላይ ብቻ እንዲሮጥ፣ ግራና ቀኝ እንዲታጠፍ፣ ሲታዘዝም እንዲቆም ነበር የፈለግነው።

አንድ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ከከተማው ዳር ወዳለው ሜዳ ወጣን። የካራማራ ተራራ ከፊታችን ነው፤ ፀሐዩ ይፋጃል። ሞዴሉ መጀመሪያ አሳምሮ ታዘዘ። ሂድ ሲሉት ይሄዳል፣ ታጠፍ ሲሉት ይታጠፋል። ሠላሳ ሜትር ያህል ከራቀ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አቁም ብንለው አልቆመም። ታጠፍ ብንለው አልታጠፈም። ፕሮፔለሩ እየጮኸ፣ ኳስ ይጫወቱ ወደነበሩት ሕፃናት በቀጥታ አመራ። እኛ ሪሞቱን ይዘን መጮህ ብቻ ሆነ ሥራችን። ደግነቱ ከመካከል የድንጋይ ክምር ነበረና እዚያ ላይ ተላትሞ ቆመ። ፕሮፔለሩ ተሰበረ፣ አፍንጫው ተጨፈለቀ። ሰው አልተጎዳም። ይሁን እንጂ ያ የድንጋይ ክምር ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይኼን ጽሑፍ በዚህ ድምፅ አንጽፈውም ነበር።

በአቅራቢያው ፍየል ይጠብቁ የነበሩ፣ ሁላችንም አዴር እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ቀስ ብለው መጡና ስብርባሪውን በበትራቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ ይኼ ነገር ባለቤቱን አይሰማም እንዴ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ቤት ገብተን ስንፈታው መልሱን አገኘነው። ነገሩ ልክ አዴር እንዳሉት ነበር፤ አይሮፕላናችን መስማት አቁሞ ነበር።

መቀበያውን ከፎሙ ጋር ያጣበቅነው በሁለቱም ወገን በሚያጣብቅ ፕላስተር ብቻ ነበር። የቀትሩ ሙቀት ማጣበቂያውን አለሰለሰው። መቀበያው ተላቀቀና ተንሸራቶ ባትሪው ሥር ገባ። ባትሪው ሲንቀጠቀጥ የአንቴናውን ሽቦ ጎትቶ ከሥሩ ነቀለው። ከዚያ በኋላ የእኛ ትእዛዝ ከየት ይሰማ? የባሰው ጥፋት ደግሞ ሌላ ነበር፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

መቀበያ ማለት ምን ማለት ነው?

በእጃችን የምንይዘው፣ በተለምዶ ሪሞት የምንለው፣ ማስተላለፊያ ነው። የጣታችንን እንቅስቃሴ ወደ ሬዲዮ ሞገድ ለውጦ ይልካል። በአይሮፕላኑ ውስጥ ያለው ትንሽ ሣጥን ደግሞ መቀበያ ይባላል። መቀበያው በአንቴናው በኩል ከሚደርሱት ሞገዶች ሁሉ የራሱን ማስተላለፊያ ለይቶ ይሰማል፤ የሰማውንም በየሽቦው ለየሠራተኛው ያድላል። ሠራተኞቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ክፍል ነው። ሁለተኛው ሰርቮ የሚባለው፣ ክንዱን እያዞረ የጅራቱንና የክንፉን ታጣፊዎች የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር ነው።

ታዲያ መቀበያው ለሰርቮው ምን ይለዋል? የሚናገረው በአጭር የኤሌክትሪክ ምት ነው። ምቱ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቆይ ሰርቮው ወደ አንድ ጫፍ ይዞራል። 2 ሚሊሰከንድ ሲቆይ ወደ ሌላው ጫፍ ይዞራል። 1.5 ሚሊሰከንድ ሲሆን መካከል ላይ ይቆማል። ይህ ምት በተለመደው አሠራር በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። እንግዲህ መቀበያው ያለ ዕረፍት የሚሰማ፣ ያለ ዕረፍትም የሚናገር ዕቃ ነው ማለት ነው። ለአንድ ሰከንድ ቢደነቁር 50 ትእዛዝ ቀረ ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 በኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሬዲዮ የሚታዘዝ ጀልባ ለሕዝብ አሳይቷል። ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ አሜሪካውያን መንትያ ወንድማማቾች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 «ጉፍ» የሚሉትን ሞዴል አይሮፕላን በሬዲዮ እያዘዙ አበረሩ። ያ ሞዴል ዛሬ በስሚዝሶንያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ንብረት ነው። አይሮፕላን በእጅ መሥራትም ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። «ፀሐይ» የተባለችው ባለ ሞተር አይሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስ በሉድቪግ ዌበርና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች በአዲስ አበባ ተሠርታ ነበር። በወረራው ጊዜ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች። የእኛዋ ሞዴል ከእነዚህ ጋር የምትወዳደር አይደለችም። ነገር ግን ከትልቁም ከትንሹም የሚጠበቀው ጥንቃቄ አንድ ነው።

መቀበያው የት ይቀመጥ?

የመጀመሪያው ሕግ ይኼ ነው፦ ከባድ ዕቃ ከተሰባሪ ዕቃ በስተኋላ አይቀመጥም። አይሮፕላን ሲጋጭ የሚጋጨው ባብዛኛው በአፍንጫው ነው። ገላው በድንገት ሲቆም በውስጡ ያለው ሁሉ ወደ ፊት ይወረወራል። በጭነት መኪና ላይ ፍሬን ሲያዝ ከኋላ ያለው ጆንያ ወደ ፊት እንደሚመጣው ማለት ነው። ባትሪው ከመቀበያው ኋላ ከሆነ ሲወረወር መቀበያውን ይጨፈልቀዋል። ስለዚህ ከአፍንጫ ወደ ጅራት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ሞተር፣ ባትሪ፣ መቀበያ፣ ሰርቮዎች።

ሁለተኛው ሕግ፦ መቀበያው ከሚረብሹት ዕቃዎች ይራቅ። ሞተሩ፣ የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያና ከባትሪው የሚመጡት ወፍራም ሽቦዎች ብዙ ኤሌክትሪክ ይተላለፍባቸዋል። በዙሪያቸውም የሬዲዮ ጫጫታ ይፈጥራሉ። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሬዲዮ ስናዳምጥ ሞተር ብስክሌት በደጅ ሲያልፍ «ጭርርር» የሚለው ጣልቃ ገብ ድምፅ የዚሁ ዘመድ ነው። በትንሽ ሞዴል ውስጥ ቦታ ጠባብ ቢሆንም የቻልነውን ያህል፣ ቢያንስ ጥቂት ጣቶች ያህል፣ እናርቀው። የፍጥነት መቆጣጠሪያው በሥራ ላይ ስለሚሞቅም አየር የሚያገኝበት ቦታ ይሰጠው እንጂ ከመቀበያው ጋር በአንድ ጉድጓድ አይታፈን።

ሦስተኛው ሕግ የክብደት ጉዳይ ነው። አይሮፕላን በሚዛን ካልቆመ መቀበያው ቢሰማም አይታዘዝም። ለተለመደ ቅርጽ የክብደት ማዕከሉ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምሮ ከክንፉ ስፋት ከ25 እስከ 30 በመቶ ባለው ላይ ቢያርፍ መልካም ነው። የክንፉ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከፊት ጠርዙ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ላይ ይውላል። ክንፉን በሁለት ጣት ጫፍ እዚያ ላይ ደግፋችሁ አንሱት፤ አግድም ከቆመ ሚዛኑን አገኘ።

ሚዛኑ ካልመጣ ምን ይንቀሳቀስ? ብዙዎቻችን የምንነካው መቀበያውን ነው። ይኼ ስሕተት ነው። ሒሳቡን እንየው። ሞዴሉ በጠቅላላ 600 ግራም ይመዝናል እንበል። 120 ግራም የሚመዝነውን ባትሪ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ብንገፋው፣ 120 ሲባዛ በ3 ለ600 ሲካፈል 0.6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የክብደት ማዕከሉ ያን ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። 10 ግራም የሚመዝነውን መቀበያ ግን 6 ሳንቲ ሜትር ብናንቀሳቅሰው ለውጡ 0.1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ሚዛኑን በባትሪው እናስተካክል። መቀበያውን ደግሞ ደኅና በሚሰማበት ቦታ እናስቀምጠው።

ንዝረት፣ ሙቀትና አቧራ

ቀደም ባለው ጊዜ ሞዴል አይሮፕላኖች በነዳጅ ሞተር ይሠሩ ስለነበር ንዝረታቸው ከባድ ነበር። በመቀበያው ውስጥ ያለው ክሪስታልም ተሰባሪ ነበር። ስለዚህ መቀበያውን በስፖንጅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ የግድ ነበር። የዛሬው የኤሌክትሪክ ሞተር ንዝረቱ ያነሰ ነው። ቢሆንም ጠርዙ የተሰበረ ወይም ሚዛኑን ያልጠበቀ ፕሮፔለር ሁሉን ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ የስፖንጅ ልማድ አይጠላም። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ግን ስፖንጁ ልል መሆን እንዳለበት ነው። አጥብቆ ያሠሩት ስፖንጅ እንደ እንጨት ይጠነክራል፤ ንዝረቱንም ሳይቀንስ ያስተላልፋል። ፍራሽ የሚመቸው ሲለሰልስ ነው፤ ተጠቅልሎ በገመድ ሲታሠር ማን ይተኛበታል?

የእኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን፣ ቀትሯ ቢፋጅም ማታዋ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ሽንሌ፣ ወደ ኤረርና ወደ አይሻ ስንወርድ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። በዚያ የምንመደብ ዕጩ መምህራን ይኼን ነጥብ በተለይ እናስምርበት። ማጣበቂያ በማለዳ ጠንካራ ሆኖ ታይቶ በቀትር ሊለሰልስ ይችላል። በሙቅ የሚቀልጠው የፕላስቲክ ሙጫም በፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ቢውል አይታመንም። የእኛን መቀበያ የጣለው ይኸው ነው።

ስለዚህ አሁን ያደረግነው እንዲህ ነው። በፎሙ ውስጥ ለመቀበያው ልክ የሆነ ጎድጓዳ ቤት ቆረጥን። ወለሉ ላይ ለስላሳ ስፖንጅ አነጠፍን። መቀበያውን በላዩ አስቀምጠን፣ ከብስክሌት ካላማዳሪ በቆረጥነው ሰፊ የጎማ ጥብጣብ ሳናጠብቅ አቅፈን ያዝነው። የጥብጣቡን ሁለት ጫፍ ያሠርነው በፎሙ ውስጥ ዘልቆ በሚያልፍ የቀርከሃ ስንጥር ላይ ነው። ማጣበቂያው ቢከዳ ጎማው ይይዛል፤ ጎማው ቢላላ ጎድጓዳው አያንቀሳቅሰውም። ባትሪውንም ለብቻው በቀበቶ አሠርነው። በአንድ ማሠሪያ ላይ ብቻ አለመተማመን ማለት እንዲህ ነው።

አቧራን በተመለከተ ጎድጓዳውን በቀጭን ጨርቅ መሸፈን ይበቃል። በፌስታል ጠቅልሎ ማፈን ግን አይመከርም፤ ሙቀት ይይዛል። ሜዳ ውለን ስንመለስ የሽቦዎቹን መሰኪያዎች በለስላሳ ብሩሽ እንጥረግ።

አንቴና፦ የአይሮፕላኑ ጆሮ

አዴር የሻይ ግብዣችንን ተቀብለው ወደ ክበባችን በመጡ ጊዜ የተነቀለውን ሽቦ አሳየናቸው። ፈገግ አሉና የወጣትነታቸውን ጊዜ አነሡልን። የቢቢሲ የሶማሊኛ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1957 ከተጀመረ በኋላ ዜናውን በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ለመስማት ከግራር ዛፍ ላይ ሽቦ ይሰቅሉ እንደነበር ነገሩን። «ሽቦው አጭር ሲሆን ለንደን አይናገርም፤ ሽቦው ሲጠቀለልም አይናገርም» አሉን። በአንድ ዓረፍተ ነገር የአንቴናን ትምህርት ጨረሱት።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የሞገዱን ርዝመት በሜትር ለማወቅ 300ን በሜጋኸርዝ ለተለካው ፍሪኩዌንሲ ማካፈል ይበቃል። በአሜሪካ ለሞዴል አይሮፕላን ይሠራበት የነበረው 72 ሜጋኸርዝ ነው። 300 ለ72 ሲካፈል 4.17 ሜትር ይሆናል። የዚያ ሩብ 1.04 ሜትር ነው። የቀድሞ መቀበያዎች አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም ሽቦ እስከ ጅራት ድረስ የሚጎትቱት ለዚህ ነበር። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም 2,400 ሜጋኸርዝ፣ ነው። 300 ለ2,400 ሲካፈል 0.125 ሜትር፣ ማለትም 12.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሩቡ 3.1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በአዲሱ መቀበያ ጫፍ ላይ የምናየው ያ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል የተራቆተ ሽቦ ትርፍ ክር አይደለም፤ ጆሮው እሱ ነው።

ከዚህ ተነሥተን የሚከተሉትን እናጥብቅ።

1. አንቴናን መቁረጥ፣ መቀጠል ወይም መጠቅለል ክልክል ነው። ርዝመቱ በሒሳብ የተወሰነ ነው።

2. መቀበያው ሁለት አንቴና ካለው አንዱ ከሌላው ጋር 90 ዲግሪ እንዲሠራ እናስቀምጣቸው። አይሮፕላኑ ሲዞር አንደኛው ጥሩ ባይሰማ ሌላው ይሰማል።

3. የአንቴናው ጫፍ ከባትሪ፣ ከብረትና ከካርቦን ፋይበር ይራቅ። ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የሬዲዮን ሞገድ ያግዳል። ፎም፣ ቀርከሃና ደረቅ እንጨት ግን ብዙም አያስቸግሩም። ድሃ ዕቃ የምንለው እዚህ ላይ ከውዱ ይበልጣል።

4. አንቴናውን በቀጭን የመጠጫ ቀሰም ውስጥ አሳልፈን ቀሰሙን ከፎሙ ጋር ብናጣብቅ ሽቦው ቀጥ ብሎ ይቆያል፤ ሳይጎዳም ይወጣል።

5. ማስተላለፊያውን የያዘው ሰው የአንቴናውን ጫፍ ወደ አይሮፕላኑ አያነጣጥር። ብዙዎቻችን እንደ ጠመንጃ እናነጣጥራለን። ሞገዱ ደካማ የሚሆነው ግን በጫፉ አቅጣጫ ነው። ጎኑን እናሳየው።

በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይ ፋይም ይሠራበታል። የሰው ገላም ይህን ሞገድ ይውጣል። ስለዚህ ሙከራችንን ከዋይ ፋይ ሣጥን ርቀን፣ በእኛና በሞዴሉ መካከል ሰው ሳይቆም እናድርግ። ርቀት ሁለት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ እንደሚወርድም አንርሳ። በቅርብ የሠራ ሁሉ በሩቅ ይሠራል ማለት አይደለም።

ሽቦና መሰኪያ

ከየሰርቮው የሚመጣው ሽቦ ሦስት ነው። ቀዩ፣ መካከል ላይ ያለው፣ ፖዘቲቭ ነው። ቡናማው ወይም ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው። ብርቱካንማው፣ ቢጫው ወይም ነጩ ትእዛዝ የሚተላለፍበት ነው። መሰኪያውን ገልብጦ መሰካት ሰርቮው እንዳይሠራ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከመቀበያው ላይ ያለውን ምልክት አይተን እንሰካ። ሽቦዎቹ እንደ ክራር ክር አይወጠሩ። ከመሰኪያው አጠገብ ትንሽ ልል ቅስት እንተውላቸው። ገላው ሲተጣጠፍ የሚጎተተው ቅስቱ እንጂ መሰኪያው መሆን የለበትም። መቀበያው የሚመገበው ቮልት በአሠሪው መመሪያ ላይ ተጽፏል። ብዙዎቹ በ5 ቮልት አካባቢ ይሠራሉ። ዋናውን ባትሪ በቀጥታ መቀበያው ላይ መሰካት ሊያቃጥለው ይችላል።

የባሰው ጥፋታችን

አሁን ወደ ኋላ ያቆየነውን እንናገር። አንቴናው ተነቅሎ መቀበያው ሲደነቁር ሞተሩ ለምን አልቆመም? መቀበያው ምልክት ሲያጣ ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድመን አልነገርነውም ነበር! የእኛው መቀበያ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ እንዲቀጥል ሆኖ የመጣ ነበር። የመጨረሻ ትእዛዛችን ደግሞ «ሂድ» ነበር። እሱም ሄደ።

ብዙ መቀበያዎች «ምልክት ሲጠፋ ሞተሩን አጥፋ» ተብለው ሊታዘዙ ይችላሉ። አሠራሩ ከመቀበያ መቀበያ ስለሚለያይ መመሪያውን ማንበብ ያስፈልጋል። መመሪያ ማንበብ አይከብድም፤ የከበደን ስንፍናው ነው። ካስተካከሉ በኋላ ግን ማመን ሳይሆን መፈተን ነው የሚገባው። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ፕሮፔለሩ ይውለቅ። አንድ ሰው ሞዴሉን አጥብቆ ይያዝ። ሞተሩ በዝግታ እንዲዞር ይታዘዝ። ከዚያ ማስተላለፊያው ይጥፋ። ሞተሩ ወዲያው ካልቆመ ሞዴሉ ከክፍል አይወጣም። ይኼ ነገር አያከራክርም።

ከመውጣታችን በፊት

ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ በክበባችን ግድግዳ ላይ የሚከተለውን ለጥፈናል።

አንደኛ፣ ማንኛውም ማስተካከያ ፕሮፔለሩ ወልቆ ይሠራል። የሚሽከረከር ፕሮፔለር ቢላዋ ነው።

ሁለተኛ፣ ሲበራ ማስተላለፊያው ይቀድማል፣ የሞዴሉ ባትሪ ይከተላል። ሲጠፋ የሞዴሉ ባትሪ ይቀድማል፣ ማስተላለፊያው ይከተላል። መቀበያው ያለ ጌታ ለአፍታም አይተው።

ሦስተኛ፣ መቀበያው በእጅ ቀስ ብሎ ይነቅነቅ፤ ሞዴሉ ተገልብጦ ይወዝወዝ። አንዳች ነገር ከተንኳኳ ይፈታል።

አራተኛ፣ የርቀት ፈተና ይደረግ። ማስተላለፊያው ኃይሉን ቀንሶ የሚፈትንበት ቁልፍ ካለው፣ አንዱ ሞዴሉን ይዞ ይቆማል፤ ሌላው እየፈተነ 30 እርምጃ ያህል ወይም መመሪያው ያለውን ያህል ይርቃል። ሞተሩ ጠፍቶም በርቶም ይሞከራል። ሰርቮው ከተንቀጠቀጠ የያዘው እጁን ያነሣል፤ ፈተናው ወደቀ ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ማንም ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ ከሞዴሉ ፊት አይቆምም። ሜዳው ባዶ መሆኑን የሚጠብቅ አንድ አባል ይመደባል። እሱ «አይሆንም» ካለ አይሆንም።

ስለ ማብረር አንድ ቃል። በሬዲዮ የሚታዘዝ ማንኛውንም በራሪ ዕቃ በአገራችን አየር ላይ ለማዋል አስቀድሞ ከሚመለከታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። ከተማችን የአይሮፕላን ማረፊያ ያላት፣ ከወሰንም የማትርቅ ናት። ያለ ፈቃድ የተነሣ ትንሽ ሞዴል በመንገደኞች አይሮፕላን ላይ አደጋ ሊያመጣ፣ በጸጥታ አስከባሪዎችም ዘንድ ሊያስጠረጥር ይችላል። ስለዚህ ዛሬም ሥራችን ከመሬት አይነሣም። ደግሞስ ምን ጎደለን? ሚዛን፣ ሞገድ፣ ንዝረት፣ ግፊት፣ ሁሉም ትምህርት ከጠረጴዛው ላይ አለ።

ሞዴል የሌለው መምህርስ?

በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬ፣ በሐርሺን ወይም በሽንሌ ተመድበን ምንም ዕቃ ባናገኝስ? ይኼንኑ ትምህርት በርካሽ ዕቃ ማስተማር ይቻላል። አንድ ትንሽ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ከፍተን በምግብ መጠቅለያ አሉሚኒየም ሙሉ በሙሉ እንጠቅልለው፤ ድምፁ ሲደክም ወይም ሲጠፋ ተማሪዎቹ ብረት ሞገድን እንደሚያግድ በጆሮአቸው ይመሰክራሉ። በወረቀት ስንጠቀልለው ግን አይጠፋም። ሁለት እንቁላል ወስደን አንዱን በልል ስፖንጅ፣ ሌላውን አጥብቀን ባሠርነው ስፖንጅ ጠቅልለን ከጠረጴዛ ከፍታ እንልቀቃቸው። የትኛው ይተርፋል? አስቀድመው ይገምቱ፣ ከዚያ ይዩ። ማስመሪያ በእርሳስ ላይ አስቀምጠን ሳንቲሞችን ወዲህና ወዲያ ብንገፋ የክብደት ማዕከልን እናሳያለን። ዋጋው ከአንድ ማስታወሻ ደብተር ብዙም አይበልጥም።

ባለፈው ሳምንት ሞዴሉን ጠግነን ወደዚያው ሜዳ ተመለስን። ወጪያችንም ድካማችንም ያረፈው በአዲሱ ፕሮፔለር ላይ አልነበረም፤ በዚያች 10 ግራም በምትመዝን ሣጥን አቀማመጥ ላይ ነበር። ሞዴሉ 30 ሜትር ሄዶ እያለ ሆን ብለን ማስተላለፊያውን አጠፋነው። ሞተሩ ወዲያው ጸጥ አለ፤ ሞዴሉም ጥቂት ተንከባልሎ ቆመ። አዴር ከፍየሎቻቸው መካከል ሆነው እያዩን ነበር። በትራቸውን ከፍ አድርገው፣ «አሁን ሰማ!» አሉ። እኛ ግን በልባችን፣ አሁን የሰማነው እኛ ነን አልን።

መልመጃ

1. በአውሮፓ ለሞዴል አይሮፕላን በ35 ሜጋኸርዝ ይሠራበት ነበር። የሞገዱ ርዝመት ስንት ሜትር ነው? ሩቡስ?

2. በጠቅላላ 900 ግራም በሚመዝን ሞዴል ውስጥ 150 ግራም የሚመዝን ባትሪ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢገፋ የክብደት ማዕከሉ ወደ የት፣ በስንት ሳንቲ ሜትር ይሄዳል?

3. ሞዴሉ ከነበረበት ርቀት ሦስት እጥፍ ቢርቅ የሚደርሰው የሞገድ ኃይል ወደ ስንት ይወርዳል?

4. በእጃችሁ ካለ ማንኛውም የሬዲዮ መቀበያ አንቴናውን ፈልጉና ለምን እዚያ ቦታ እንደተቀመጠ በአምስት መስመር ጻፉ።

መልሳችሁን በግድግዳ ጋዜጣው ሣጥን ውስጥ አስገቡ። ትክክለኛውን መልስ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣለን። ስሕተት የሠራችሁም አትፈሩ፤ እኛም የጀመርነው ከስሕተት ነው።

የሳይንስ ክበብ አባላት